ቤቴን መንገድ ላይ ያገኘሁበት ጉዞ

መርካቶ ጨው በረንዳ ካሉት ወዳጆቼ ይህን ታሪክ ከእኔ አፍ የሰማ ጥቂት ነው፤ ከሌላ አፍ የሰማው ግን ብዙ ነው። ከሌላ አፍ ሲወጣ ደግሞ፣ እኔ ቤቱ ውስጥ ተኝቼ ሳለሁ እንደ ሙሽራ ተሸክመው ገበያውን አዞሩኝ እስከ መባል ደርሷል። ይህ ውሸት ነው። ቤቱ ሲዞር እኔ ውጭ ነበርኩ። ውጭ ሆኜ የሠራሁትን ስትሰሙ ግን ምነው ውስጥ ተኝቶ በነበር ትላላችሁ። ስለዚህ ራሴ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ነገሩ የተነሣው ብልህ ነኝ ብዬ ከማሰቤ ነው። በክረምት የጎጃም መንገድ ሲጨቀይ መኪና ይቀራል፤ መኪና ሲቀር ጨው ይወደዳል። በአገው ምድር ደግሞ ሰው ብቻ ሳይሆን ከብቱም ፈረሱም ጨው ይልሳል። እንግዲያስ ዝናቡ ሳይጠና ጨው ጭኖ ሄዶ፣ እዚያው ቤት ገዝቶ፣ ቆልፎ መመለስ ነው። ዳንግላ ሱቅ ያለው የቆየ ደንበኛዬ ሰይድ በክረምት እያወጣ ይሸጥልኛል። ይህን የመሰለ ሐሳብ ከእኔ በፊት ለሌላ ነጋዴ ለምን እንዳልመጣለት ራሴን አልጠየቅሁም። ብልህ ነኝ የሚል ሰው እንዲህ ያለውን አይጠይቅም።

ሰይድም በሹፌር አፍ "እንጅባራ መንገድ ዳር ቤት ይገኛል፤ ስትመጣ እንነጋገራለን" ብሎ ልኮብኛል። እኔ የሰማሁት "ይገኛል" እስከሚለው ድረስ ነው።

ባለቤቴ አልማዝ ነገሩን ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ "ጨው ይዘህ ዝናብ ወዳለበት አገር ልትሄድ ነው?" አለች።

"ቤት እገዛለሁ አልኩሽ እኮ።"

"ቤቱንስ ማን ይጠብቀዋል?"

ለዚህ መልስ እንዲሆነኝ መርካቶ ወርጄ ከብረታ ብረት ሻጮቹ ዘንድ ያለውን ትልቁን ጓጉንቸር ገዛሁ። የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። አልማዝ አየችውና የአንገት ወርቋን አውልቃ አስይዘው ብላ ሰጠችኝ፤ ለጨዉ መግዣ የጎደለኝ እሱ ነበርና። ያለን ሁሉ እዚያ ጆንያ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ወጣን። ጨዉ ከኋላ እስከ አናቱ ተጭኖ ሸራ ተጠፍሮበታል። እኔ ጋቢና ውስጥ ካፖርቴን ለብሼ፣ ጓጉንቸሬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተደላደልኩ። ሹፌሩ በርሄ አስመራ ያደገ፣ ፊቱን ሳይፈታ የሚቀልድ ሰው ነው። ጓጉንቸሩን ገልመጥ አደረገውና፣

"ለቤት ነው ወይስ ለወህኒ?" አለኝ።

"ለቤት።"

"እንግዲያው ቤቱ ይህን መሸከም የሚችል ይሁንልህ።"

ፍቼን አልፈን የአባይን በረሃ ስንወርድ መጀመሪያ ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ኮቴን፣ ሸሚዜን ላወልቅ ስል በርሄ "ድልድዩ ላይ ዘበኞች አሉ" ብሎ መለሰኝ። ደጀን ስንወጣ ደግሞ ሁሉንም መልሼ ለበስኩ። ያደርንበት ቤት ቁንጫ አለው። ግን ከመርካቶ ቁንጫ ጋር ሲነጻጸር ጨዋ ነው፤ የመርካቶው ነክሶ እዚያው ይከርማል፣ የደጀኑ ነክሶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

በሁለተኛው ቀን ደብረ ማርቆስ ቁርስ በልተን ቡሬ ገባን። ቡሬ ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ልቤ ወደ ጨዉ ሄደና አልጋ ተከራይቼ ሳለሁ አልጋውን ትቼ መኪናው ላይ፣ ሸራው ሥር፣ ጆንያ ላይ ለመተኛት ወሰንኩ። የአልጋ ቤቱ እመቤት ምን ሆነህ ነው ብላ መጣች። ነገርኳት። ሄዳ የራሷን ጋቢ አመጣችና ወረወረችልኝ።

"ግድ የለም" አለች፤ "አንተ እንኳ ብትሞት አትበሰብስም፤ ጨው ላይ ነህ።"

ዝናቡ ሳይጥል አደረ። ጠዋት ጀርባዬ ላይ የጆንያው ስፌት ታትሞ ተገኘ። የአልጋውን ኪራይ ግን አልተቀበለችኝም፤ "አልጋው ሰው አላየም" አለች። አዲስ አበባ ቢሆን አልጋውም ጋቢውም መኪናው የቆመበትም ይታሰብብኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ እንጅባራ ደረስን። ከመንገዱ ዳር ዘንገና የሚባል ሐይቅ አለ፤ ክብ ነው፣ ዙሪያውን ደን ነው፣ ያየው ሁሉ ያደንቀዋል ይባላል። በርሄ ካለፍነው በኋላ ቀስቅሶ "ሐይቁን አለፍነው" አለኝ። ስለ ሐይቁ የማውቀው ይህንኑ ነው።

የመንገዱ ሰፈር ኮሶበር ይባላል። ከተማ እንዳልለው ማዘጋጃ ቤት የለካው አይመስልም፤ ገጠር እንዳልለው ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደ አውራ ጎዳናው አዙሯል። መኪና በሚቆምበት አንዲት ሴት ጠላ መሸጥ ጀመረች፤ ከጎኗ አንዱ ዳቦ፤ ከዳቦው ጎን አንዱ ጎማ መለጠፍ፤ እንዲህ እንዲያ እያለ ያለ መሐንዲስ የተሰለፈ ሰፈር ነው። እኛ ዘንድ ቤት ማለት ጭቃ ነው፤ እዚያ ቤት ማለት ቅርጫት ነው። ቀርከሃ ሰንጥቀው ይጎነጉኑና ሣር ይደፉበታል፤ አለቀ። መብራት የሚባለው በየቤቱ ኩራዝ ሲሆን፣ ሰፈሩ ያለው አንድ ማሾ ነው፤ እሱም ጠላ ሻጯ ደጅ ይሰቀላል። ሹፌሮች ከሩቅ እሱን አይተው ነው የሚቆሙት።

ውሃው ደግሞ ከላይ ካለ ምንጭ ይመጣል። ቀርከሃውን ለሁለት ሰንጥቀው፣ የአንዱን ጫፍ ካንዱ እያጋጠሙ፣ በባላ እያስደገፉ እስከ ሰፈሩ ድረስ ያወርዱታል። ቀንም ሌሊትም ይፈስሳል። እኔ ሚስቱ ቦኖ ላይ ሰልፍ ስትጠብቅ ረፋዱን የምትጨርስ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም "ይህም ቧንቧ ተባለ" ብዬ ሳቅሁ። ይህችን ሳቅ አስቀምጡልኝ።

ጠላ ሻጯ እትየ ውዴ ትባላለች። የብቸና ሰው ነች፤ ለመንገድ ሠራተኞች ልታበስል መጥታ ሠራተኞቹ ሲሄዱ እሷ ቀረች። ስስቅ አይታኛለች።

"እየሳቅህ እንዳትደገፈው" አለችኝ። "እዚህ ውሃ የሰበረ ሳይጠግን ወዲያ ማለት የለም። ሰርገኛም ቢሆን ይቆማል።"

ቤት የሚሸጥ እንዳለ ጠየቅኋት። "ፈንታ ይሸጣል" አለች፤ "ልጁ ሚስት ሊያመጣ ስለሆነ ቦታውን ሊለቅለት ነው።" እኔ የሰማሁት "ይሸጣል" የሚለውን ነው። ጆሮዬ በዚያ ጉዞ የሚሰማው ግማሽ ግማሹን ነበር።

ፈንታ እንደኔው ጎልማሳ ነው፤ ረጋ ያለ ገበሬ። ቤቱን አዙሮ አሳየኝ። ቀርከሃው ያልነቀዘ መሆኑን ነገረኝ፤ ከዚያ የግድግዳውን ግርጌ ያዘና ትንሽ ከፍ አድርጎ መለሰው።

"ቀላል ነው ደግሞ" አለ፤ "ሰው አያደክምም።"

እኛ ዘንድ ቤቱን ቀላል ነው ብሎ የሚያሞግስ ሻጭ አላጋጠመኝም። የአገሩ አነጋገር ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

"ሰው አዘጋጅተሃል?" አለኝ ቀጥሎ።

ጨዉን ለማውረጃ መሰለኝ። "ሰው ሞልቷል" አልኩ። ፈንታ በአድናቆት አየኝ።

በምስክር ፊት ተዋዋልን፤ ጨዉም በድንጋይና በእንጨት ላይ ቤቱ ውስጥ ተደረደረ። በሩ የተጎነጎነ ቀርከሃ ስለሆነ የጓጉንቸር ማንጠልጠያ የለውም። በሽቦ ጠምዝዤ አበጀሁለትና ቆለፍኩ። ፈንታ ቆሞ አየ። ጓጉንቸሩን አየ፤ ከዚያ በአውራ ጣቱ ግድግዳውን ጫን ሲያደርገው እንደ ሰሌን ገባ፣ ሲለቀው ተመለሰ። ቁልፉን ካፖርቴ ኪስ ከትቼ እትየ ውዴ ዘንድ የተቀቀለ ድንች በድልህ በልቼ እንደ ባለርስት ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን በርሄ ሌላ ጭነት ሊያነሣ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ ዳንግላ አደረሰኝ። ዳንግላ ከተማ ነች፤ ሱቁም ቢሮውም አላት። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሰይድ ሱቅ በጋሪ ሄድኩ። የአዲስ አበባ ባለጋሪ ፈረሱን ይሰድባል፤ የዳንግላው እየተጨዋወተ ይነዳል። እኔ ግን ከሁለቱም ላይ ወገቤን ይዤ ነው የምወርደው።

ሰይድ ደስ ብሎት ተቀበለኝ። ሥጋችን ለየብቻ ስለሆነ ምግቡ እንዳያስቸግረኝ ብሎ ትኩስ ዳቦና ማር አቀረበ። እየበላሁ ቤት መግዛቴን ነገርኩት። እንኳን ደስ ያለህ አለ።

"ቦታውንስ ማን ሰጠህ?"

"ቤት ገዛሁ አልኩህ እኮ።"

"ቤቱንማ ሰማሁ። የሚያርፍበትን ነው የምልህ።"

"ያለበት ነዋ።"

ሰይድ ወደ አፉ ያነሣውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሰው።

"ዘለቀ፣ እዚህ አገር መሬት አይሸጥም። መሬት የአያት የቅድመ አያት ነው፤ ባዳ አይገዛውም፣ እነሱም ልሽጥ ቢሉ ዘመድ አይለቃቸውም። የሚሸጠው ቤቱ ነው። ቤት እንደ በሬ ነው፤ ትገዛለህ፣ ይዘህ ትሄዳለህ። በሬ ገዝተህ ከሻጩ በረት ትተኸው ትመጣለህ?"

"አንተ አይደለህም ወይ ቤት ይገኛል ብለህ የላክብኝ?"

"ስትመጣ እንነጋገራለን ብዬም ልኬአለሁ።"

"እስከ መቼ ይታገሠኛል?"

"ልጁ ሚስቱን መቼ ነው የሚያመጣው?"

አላውቅም። ብቻ እትየ ውዴ "ሊያመጣ ነው" ያለችው፣ ፈንታ "ሰው አዘጋጅተሃል" ያለኝ፣ "አያደክምም" ያለው፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ወጥቼ ሰማዩን አየሁ። በእንጅባራ በኩል እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ማሩን ሳልጨርስ መኪና ፍለጋ ሄድኩ።

በዚያ ቀን ወደ እንጅባራ የሚሄድ መኪና አልተገኘም። ሰይድ የራሱን ፈረስ አስጭኖ ሰጠኝ። እዚያ አገር ሰው ፈረስ ላይ ያድጋል፤ ሽማግሌው እንኳ ሲጋልብ እርካብ የረገጠ አይመስልም። እኔ ስወጣ ሁለት ሰው ደገፈኝ፣ አንድ ሰው ፈረሱን አጽናናው።

"ልጓሙን ላላ አድርገው" አለኝ ሰይድ፤ "መንገዱን እሱ ያውቀዋል።"

መንገዱንስ ያውቀዋል፤ እኔን ነው ያላወቀው። አዲስ ቅዳም ከምትባለው ከተማ ልደርስ ስል አንድ ቦይ ዘለለ። እሱ ተሻገረ፣ እኔ ወዲህ ቀረሁ። ያልተሸጠላቸውን ከሰል ተሸክመው ከገበያ የሚመለሱ ባልና ሚስት ደረሱ። ሴትየዋ ቁልቁል አየችኝና፣

"ነጋዴው፣ ፈረሱ እየሄደ ነው፤ አንተስ?" አለች።

ባልዬው ፈረሱን ያዘልኝ፤ መሽቷልና ቤታቸው ወሰዱኝ። የቀረበው ድንች ነው። ሴትየዋ ከሰንዱቋ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣች፣ ፈታችው፣ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ከእኔ ድንች ላይ ብቻ ነሰነሰችና መልሳ ቋጠረችው። ጨው ነው። ባልዬው የራሱን እንዲሁ በላ።

"ለእንግዳ ነው" አለኝ፣ ስመለከተው።

መኪና ሙሉ ጨው ያለኝ ሰው መሆኔን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ፣ እስከ ነገ መኖሩን ስለማላውቅ ድንቹን ከተትኩበት።

በአምስተኛው ቀን ፈረሱን ተቀምጬ ሳይሆን እየጎተትኩ ነው የተጓዝኩት፤ ሁለታችንም የተስማማነው በዚህ ነበር። እንጅባራ ዳገቱን ስወጣ ደመናው ከዛፎቹ አናት ወርዷል። ከፊት ለፊቴ በመንገዱ ላይ አንድ ነገር ይመጣል። ሣር የጫነ መኪና መሰለኝ። ቀረብ ስል ጎማ የለውም፤ እግር ነው ያለው፣ ብዙ እግር። ከሣር ክዳኑ ሥር እግር ብቻ ይታያል፤ ከውስጥ "ሆ" ይላል፣ ከውጭ ይመልሱለታል። በሩ ላይ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ጓጉንቸር ይወዛወዛል።

ቤቴ ነው። ቆልፌው የሄድኩት ቤቴ፣ እንደተቆለፈ፣ በመንገዱ መካከል እየተራመደ ሊቀበለኝ መጣ።

"ጨዌስ?" አልኩ፤ ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁም።

ፈንታ ከክዳኑ ሥር ብቅ አለ፤ ላብ በላብ ሆኗል። "ጨውህ ካለበት ነው፤ ማን ነካው? በሩ እምቢ አለን፤ ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው። ስለዚህ ቤቱን ወደ ላይ ብድግ አደረግነው፣ ጨውህ ቁጭ ብሎ ቀረ።"

ጫጩት ላይ የተደፋ ቅርጫት እንደሚነሣ ማለት ነው። ያን ሁሉ መንገድ ጭኔ ላይ የተሸከምኩት ጓጉንቸር የጠበቀልኝ በሩን ብቻ ነበር።

"ምራቲቱ ነገ ትገባለች" አለ ፈንታ፣ እንደማፈር ብሎ። "አንተ ደግሞ ያዘጋጀኸው ሰው አልመጣም። ሰፈሩ ደቦ ወጣልህ፤ ጠላውን እትየ ውዴ አወጣች። እንግዲህ ከዳንግላ የምትመጣው በዚህ ነው ብለን ይዘንልህ መጣን። የት እናኑርልህ?"

አርባ የሚሆን ሰው ቤቴን በትከሻው ይዞ መልሴን ይጠብቃል። እላዬ ላይ ደመና፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ የአልማዝ ወርቅ ያለበት ጨው ሰማይ ሥር ተገልጦ ይታየኛል። ፈረሱን ለቅቄ ከቤቴ ፊት ፊት መሮጥ ጀመርኩ። ከአንድ የኮሶ ዛፍ አጠገብ ያለውን ሜዳ አሳየሁ። የቤተ ክርስቲያን ነው አሉ። ከእሱ ማዶ ያለውን አሳየሁ። "ፈረስ የሚጋለብበት ነው፤ በጥምቀት ቤትህን እንዝለለው?" አሉኝ። ከእሱ ወዲህ ያለውን ሳሳይ የሁለት ወንድማማቾች ድንበር ነው፣ ገና ይካሰሱበታል። ባዶ የመሰለኝ መሬት ሁሉ ባለቤት ነበረው። "ሌላ" ይላል ፈንታ ከክዳኑ ሥር። "ሌላ አሳየን፣ ትከሻችን አለቀ።"

ሌላ ላሳይ እያየሁ ወደ ኋላዬ ስሄድ አንድ ነገር ጀርባዬ ላይ ቀጭ አለ፤ ካፖርቴ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ወረደ።

"ውሃ ተሰበረ" አለ አንዱ።

ሆታው ቆመ። ቤቱን መንገዱ ላይ አሳረፉት። ካሁን በኋላ ቤት የለም፣ ጨው የለም፣ ዝናብ የለም፤ ውሃ ብቻ ነው ያለው። ሁለት ሰዎች ቀርከሃ ሊቆርጡ ሄዱ። ከታች እንስራዋን የደቀነች ሴት "እስኪመጡ ያዘዋ፤ እኛ ምን እንጠጣ?" ስትለኝ፣ የተሰበረውን ቀርከሃ ሁለት ጫፍ በሁለት እጄ አጋጥሜ ያዝኩ። ውሃው ግማሹ ወደ ሴትየዋ፣ ግማሹ በእጅጌዬ ወደ ብብቴ ይሄዳል። ሦስት ቀን ያልሞላት ሳቄ ነች እንዲህ የመለሰችልኝ። የአዲስ አበባው ነጋዴ ቧንቧ ሆኖ ቆመ።

አያ ቢተው የደረሱት በዚህ መካከል ነው። የዚያ መሬት ባለርስትና ሽማግሌ ናቸው፤ በፈረስ ሆነው መጥተው ቤቱንም እኔንም ዞር ዞር ብለው አዩ።

"ቤቱ የማን ነው?"

"የኔ ነው፣ አያ ቢተው" አልኩ፣ እጄን ሳልለቅ።

"ቦታህስ?"

"የለኝም።"

"ቤት ኖሮት ቦታ የሌለው ቀንድ አውጣ ነው አሉ" አሉና ሰዉ ሳቀ። "እሱስ ራሱ ይሸከመዋል።"

እትየ ውዴ ጣሳዋን እንደያዘች ወደፊት መጣች። "አያ ቢተው፣ ከኔ ጓሮ ይረፍ።"

"አንቺ ራስሽ የኔ እንግዳ ነሽ፣ ውዴ። ተቀመጭ ብዬ ነው የተቀመጥሽ። እንግዳ ሌላ እንግዳ ካሳረፈ ነገ እኔን የገዛ ደጄን አንኳኩ ልትሉኝ ነው።"

ነገሩ ለእኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጠላ ሻጯም፣ ጎማ ለጣፊውም፣ ባለዳቦውም፣ ያ ሁሉ ሰልፍ አንዳችም መሬት የለውም፤ ሁሉም ተቀመጥ የተባለ እንግዳ ነው። ቤታቸው ቀላል የሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ።

እትየ ውዴ ጠብታዋን አየቻት። ወደኔ ዞረች። "ነጋዴው፣ ቤቱን ለኔ ትሰጠኛለህ፣ ወይስ ጨውህን ለዝናቡ ትሰጣለህ?"

"እትየ ውዴ፣ ገና አልተኛሁበትም እኮ።"

"ሁለት ነው የጠየቅሁህ።"

ሁለተኛዋ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች። "ሰጥቻለሁ" አልኩ።

"ሰማችሁ?" አለች ሰዉን። ሰማን አሉ።

አያ ቢተው ፈገግ አሉ፤ እንደማየው ከሆነ መጀመሪያም ይህንኑ ይጠብቁ ነበር። "የውዴ ቤት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የራሷ ቤት ከጓሮዋ ቢቆም ማን ይከለክላታል? ጨዉም ይግባ፤ ጨው ርስት ልካፈል አይል።"

"እኔስ፣ አያ ቢተው?"

"አንተማ ውሃውን ያዝ።"

ቀርከሃው መጣ፤ መጀመሪያ ውሃው ተጠገነ፣ ሰው ሁሉ እስኪረካ ታየ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው፣ እንስራ ይዛ የጮኸችብኝ ሴት ሳትቀር፣ ወደ ጨዉ ሮጠ። ስንደርስ የሰይድ ፈረስ ቀድሞን ደርሶ አንዱን ጆንያ በስቶ ይልሳል። ጆንያው በትከሻ በትከሻ እትየ ውዴ ጓሮ ተደረደረ፤ ቤቱ ከላይ ተደፋበት። የመጨረሻዎቹ ጆንያዎች ገብተው ሣሩ ሲስተካከል ዝናቡ ያለ የሌለ ኃይሉን ለቀቀው። በስተዳር ያሉት ጥቂቶች ግርጌያቸው ረጥቦ ቀለጠ፤ የቀረው ዳነ።

ገብቼ ላየው ብዬ ኪሴን ብዳስስ ቁልፉ የለም። ቦዩ ዘንድ የወደቅሁ ጊዜ ይሆናል። እትየ ውዴ አላዘነችም። ገጀራ አመጣች፣ በቤቷ በኩል ያለውን ግድግዳ ቁመቷን ያህል ቀደደችና ገባች።

"በር ማለት ሰው የሚገባበት ነው" አለችኝ ከውስጥ።

ያን ምሽት የገዛሁት ቤት ውስጥ፣ ጨዌ አጠገብ፣ በእንግድነት አደርኩ። ጋቢ ሰጠችኝ። ከመተኛቴ በፊት ለአዲስ ቅዳሞቹ ባልና ሚስት ፈረሱን በሚመልሰው ሰው እጅ የሚላክ አንድ ቁና ሙሉ ጨው ቋጥሬ አዘጋጀሁ። ክረምቱን ጨዉን እትየ ውዴ እንድትሸጥልኝም ተስማማን፤ ለሰይድ ቁልፍ የምሰጠው አልነበረኝምና።

በስድስተኛው ቀን በርሄ ከባሕር ዳር ሲመለስ ቆመልኝ። ጓሮ ድረስ መጥቶ ማንም የማይገባበትን በር፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር፣ ከጎኑ የተቀደደውን ግድግዳ አየ።

"መሸከሙንስ ችሎታል" አለ። እስከ አባይ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም በረሃው ውስጥ ካፖርቴን አላወለቅሁም፤ ገና አልደረቀም ነበር።

አልማዝን እውነቱን ነገርኳት። ቤቱን ለሰው መስጠቴን ስነግራት ተቆጣች፤ የቀረውን ስትሰማ "ያቺን ሴትዮ ከእኔ ቀድመህ ባማከርካት" አለች። ከመስቀል በኋላ በርሄ የጨዉን ዋጋ ከአንድ ጆንያ ድንች ጋር ይዞልኝ መጣ። የአልማዝ ወርቅ ወደ አንገቷ ተመለሰ። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ኋላ እንዲል መታዘዙንም በርሄ ነገረኝ። ቤቶቹ ተራ በተራ በትከሻ ሄዱ፤ የእትየ ውዴም ሁለቱም ሄዱ። ጓጉንቸሩ አብሮ ሄዷል።

ቁልፉ ካፖርቴ ገበር ውስጥ ገብቶ ኖሯል፤ አልማዝ ስትተኩሰው አገኘችው። ምስማር ላይ ሰቀልኩት።

ያን ሰሞን የቤታችን ባለቤት ቡና ልጠጣ ብለው ገቡ። እኔ በዚያ ቤት ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ልጆቼ አድገዋል፤ እንግድነቴን ረስቼዋለሁ። ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ ልጃቸው ሚስት ሊያመጣ ስለሆነ ቦታውን እንደሚፈልጉት፣ እስከ ጥር ድረስ ግን እንደማያጣድፉኝ ነገሩኝ።

ሲወጡ ተነሥቼ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ጭቃ ነው፤ ላዩ ቆርቆሮ። በመዳፌ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለችኝ አልማዝ።

"ክብደቱን ነው።"

ደጅ ወጥቼ ጨው በረንዳን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሰው ሞልቷል፤ አብዛኛውን በስሙ አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል፤ የማየው ግን ትከሻ ትከሻውን ነበር። ፈንታ ሰው አዘጋጅተሃል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ሞልቷል ብዬ ነበር።